የድርጅታችን ሜይል እየተመለሰ ነው፦ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ስለመግባት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ተቀምጬ የሆቴሎችን፣ የእህል ነጋዴዎችንና የማር ላኪዎችን ኮምፒውተርና ሜይል እጠግናለሁ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከእንጅባራና ከሞጣ የሚደወልልኝ ስልክ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ሜይላችን አልሄድ አለ። ገዢው አልደረሰኝም ይላል። እኛ ጋ ደግሞ እንግሊዝኛ የበዛበት መልእክት ተመልሶ ይመጣል።» ነገሩ ቀላል አይደለም፤ ፕሮፎርማው በሰዓቱ ካልደረሰ ገዢው ሌላ ጋ ይሄዳል። ጥቁር መዝገብ የምለው ስፓም፣ ማለትም ያልተጠየቀ የጅምላ ሜይል፣ የወጣባቸው አድራሻዎች የሚጻፉበትን ዝርዝር ነው። በስልክ ስመልስ የከረምኩትን ነው እዚህ የጻፍኩት።

ሜይል ተመልሶ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ተመልሶ የመጣውን መልእክት አታጥፉት። ብዙ ሰው እንግሊዝኛውን ሲያይ ይደነግጥና ይሰርዘዋል፤ የችግሩ ምክንያት ግን እዚያው ውስጥ ነው የተጻፈው።

ወደ ታች ውረዱና ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ፈልጉ። በ5 የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ 550 ወይም 554፣ የተቀባዩ ሰርቨር (ሜይል የሚቀበልለትና የሚልክለት ማሽን) አልቀበልም ብሎ ቁርጡን ነግሯችኋል። በ4 የሚጀምር ከሆነ፣ 421 ወይም 451 ዓይነት፣ አሁን አይሆንም፣ ቆይታችሁ ሞክሩ ማለቱ ነው። እንዲህ ሲሆን የእናንተ ሰርቨር ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፤ አንዱን ደብዳቤ አሥር ጊዜ መላክ ነገሩን ያብሰዋል እንጂ አያሻሽለውም።

ከቁጥሩ አጠገብ 5.1.1 የሚል ካያችሁ ጉዳዩ ከጥቁር መዝገብ ጋር አይገናኝም። የተቀባዩ አድራሻ ተሳስቷል ወይም ተዘግቷል። አንድ ፊደል ገድፈው ቀኑን ሙሉ የተጨነቁ ሰዎች አውቃለሁ።

የመዝገብ ጉዳይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመዝገቡ ስም ይጻፋል፦ ስፓምሃውስ፣ ባራኩዳ፣ ስፓምኮፕ። አጠገቡ በነጥብ የተከፋፈሉ አራት ቁጥሮች ይኖራሉ፤ ላኪው በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር፣ አይፒ አድራሻ የሚባለው፣ እሱ ነው። ስሙንና ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጡ። ቀሪው ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ጥቁር መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? መንግሥት ነው?

አይደለም። ቴሌም አይደለም። መዝገቦቹን የሚይዙት በውጭ አገር ያሉ የግል ድርጅቶች ናቸው። ትልቁና ብዙ ሰርቨር የሚያምነው ስፓምሃውስ ሲሆን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናንተ ለጀርመን ገዢ ደብዳቤ ስትልኩ የእሱ ሰርቨር በሩን ከመክፈቱ በፊት ለመዝገቡ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ «ይህ አይፒ እናንተ ጋ ተመዝግቧል?» መልሱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመጣል። ተመዝግቧል ከተባለ በሩ ይዘጋል። ልብ በሉ፣ የሚከለክለው መዝገቡ ራሱ አይደለም። መዝገቡ መረጃ ይሰጣል፣ መዝጋትና አለመዝጋትን የሚወስነው ተቀባዩ ነው። አንዱ ገዢ ጋ እየደረሰ ሌላው ጋ የማይደርሰውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም አንድ መዝገብ አይጠይቅም።

እኛ ስፓም ልከን አናውቅም። ታዲያ ለምን እኛ?

ይኼ ጥያቄ ሲመጣ ድምፁ ውስጥ ቅሬታ አለ፤ እውነታቸውን ነው። ከማያቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ያጠፉት ነገር የለም። ግን መዝገቡ የሚያየው ሰውየውን አይደለም፣ ከአይፒው የወጣውን ነገር ነው። ከእናንተ በር ቆሻሻ ከወጣ፣ ማንም ያውጣው ማን፣ የሚጻፈው የእናንተ በር ነው።

በጣም ደጋግሜ የማገኘው ምክንያት የተሰረቀ ፓስወርድ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ጤፍና በቆሎ የሚነግዱ አንድ አባት ነበሩ። የድርጅታቸው «ኢንፎ» አካውንት ፓስወርድ የድርጅቱ ስም ሆኖ መጨረሻው ላይ 123 ተጨምሮበታል። የሰርቨሩን ሎግ፣ ማለትም የላከው ሁሉ ከነሰዓቱ የሚጻፍበትን ፋይል፣ ስከፍት ለማናውቃቸው አድራሻዎች የተላከ ደብዳቤ መዓት ነው። ሰዓቱ 00፡10 ይላል። እሳቸው አዩና «በዚህ ሰዓት እኮ ቢሮ ማንም የለም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሰርቨሩ የሚቆጥረው በዓለም አቀፍ ሰዓት ስለሆነ ሦስት ሰዓት ስትጨምሩበት በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነው። ሌባው ሩቅ አገር ቁጭ ብሎ በእሳቸው ስም ሌሊቱን ሲልክ አድሯል። እናንተም ሎግ ስታነቡ ይህቺን ሦስት ሰዓት አትርሷት፤ ካልሆነ በሐሰት አንዱን ሠራተኛ ትጠረጥራላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ቫይረስ የገባበት ኮምፒውተር ነው። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ፣ ክራክ የተደረገ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የተመለሰ ፍላሽ። ኮምፒውተሩ እንደወትሮው ይሠራል፣ ትንሽ ብቻ ይዘገያል። ከጀርባ ግን ሌላ ሰው ያዝበታል።

ሦስተኛው ዋይፋይ ነው፤ ይኼኛው በተለይ ሆቴሎችን ይመለከታል። ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል በጥምቀት ሰሞን፣ እንግዳ በሚበዛበት ጊዜ፣ ለአስጎብኚዎች የሚልኩት የአልጋ ማረጋገጫ ሁሉ ይመለስባቸው ጀመር። የሜይል ሰርቨሩ እዚያው ዕቃ ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ፣ ንጹሕ ናቸው። ፓስወርድ ቀየርን፣ ከመዝገቡ አስወጣን፣ በማግሥቱ ተመልሰን ገባን። በኋላ ነው የገባኝ። የእንግዳው ዋይፋይና ቢሮው በአንድ ራውተር፣ በአንድ አይፒ ነው የሚወጡት። ከእንግዶቹ የአንዱ ላፕቶፕ ቫይረስ ነበረበት። እንግዳው በረንዳ ላይ ቡናውን እየጠጣ ላፕቶፑ በሆቴሉ ስም ስፓም ይረጫል። ራውተሩ ላይ ፖርት 25ን፣ ሰርቨሮች ሜይል የሚለዋወጡበትን በር፣ ከሜይል ሰርቨሩ በስተቀር ለሁሉም ዘጋነው፣ የእንግዳውንም ዋይፋይ በሌላ አይፒ እንዲወጣ ለየነው። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ሆቴል ያላችሁ ሁሉ ይህንን ዛሬውኑ አስደርጉት።

አራተኛው ዌብሳይታችሁ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ በዎርድፕሬስ ሠርቶላችሁ ከዚያ ወዲህ ማንም ያላደሰው ሳይት ካለ በሩ ክፍት ነው በሉት። ሰብረው ይገቡና የሜይል መላኪያ ፋይል ይጥሉበታል። ሰብረው ባይገቡ እንኳ «ያግኙን» የሚለውን ፎርም ማሽን ይሞላዋል፣ ፎርሙም ለሞላው ሁሉ ማረጋገጫ እየላከ ስፓም አመላላሽ ይሆናል። የሰው መሆኑን የሚያጣራ ካፕቻ አድርጉበት።

አምስተኛውን ሰው ደስ ብሎት አይሰማኝም። የገዢዎች አድራሻ ዝርዝር ከሆነ ሰው ገዝታችሁ ለሁሉም የላካችሁ እንደሆነ፣ እሱ በራሱ ስፓም ነው። ዕቃው ጥሩ ማር ቢሆንም ነው። ያልጠየቀ ሰው ጋ በጅምላ መላክ ነው ስፓም የሚያሰኘው። እንዲህ ዓይነት ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ማንም የማይጠቀምባቸው፣ ስፓም ላኪን ለመያዝ ብቻ የተተከሉ አድራሻዎች አሉ። ለእነሱ ላካችሁ ማለት መዝገብ ውስጥ በራሳችሁ እጅ ገባችሁ ማለት ነው።

የትኛው አይፒ ነው የተመዘገበው? የቢሮዬ ነው ወይስ የሆስቲንጉ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ሆስቲንግ የምንለው ዌብሳይታችሁንና ሜይላችሁን በራሱ ሰርቨር ላይ የሚያኖርላችሁን ድርጅት ነው። ከቢሮው ኮምፒውተር ሆኖ «አይፒዬ ስንት ነው» ብሎ ይፈልጋል፣ ያገኘውን ስፓምሃውስ ላይ ያስገባል፣ ቀይ ያያል፣ ይደነግጣል። ግን የቢሮው ኢንተርኔት የተለመደው የብሮድባንድ ወይም የሞባይል ዳታ ከሆነ እዚያ መገኘቱ ጤናማ ነው። ስፓምሃውስ ፒቢኤል የሚባል ዝርዝር አለው። እዚያ የሚገቡት ሜይልን በቀጥታ መላክ የማይገባቸው የቤትና የቢሮ አይፒዎች ናቸው። ጥፋተኛ ናችሁ አይላችሁም። «ይህ ሰፈር የፖስታ ቤት ሰፈር አይደለም» ይላል፣ በቃ።

የሞባይል ዳታ ከሆነ ደግሞ አንዱን አይፒ ብዙ ደንበኛ በጋራ ነው የሚጠቀምበት። ራውተሩን አጥፍታችሁ ብታበሩት ሌላ ሰው ሲያበላሸው የነበረ አይፒ ሊደርሳችሁ ይችላል። እሱን ለማጽዳት መድከም ትርጉም የለውም።

መፍትሔው ሌላ ነው። አውትሉካችሁ ወይም ተንደርበርዳችሁ ሜይሉን በፖርት 587 ወይም በ465፣ በስምና በፓስወርድ ገብቶ፣ በሆስቲንጉ ሰርቨር በኩል እንዲልክ ማድረግ ነው። ያኔ ገዢው ዘንድ የሚታየው የሆስቲንጉ አይፒ ይሆናል። ፖርት 25 ተመርጦ ከሆነ ቀይሩት። ስንቱን ቢሮ ይህቺ አንዲት ቁጥር ብቻ አድናዋለች።

ስለዚህ መመርመር ያለባችሁ ተመልሶ የመጣው መልእክት ውስጥ የተጻፈውን አይፒ ነው። እሱን ብቻ።

እሺ፣ ገባኝ። አሁን «አስወጡኝ» የሚለውን ልጫን?

ቆዩ! የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይባል የለ? ቀዳዳው ሳይደፈን ከመዝገቡ ብትወጡ በማግሥቱ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ፤ ሆቴሉን ያየን ነን። ተመላልሶ የሚገባን አይፒ መዝገቦቹ ማመን ያቆማሉ፤ በራስ እጅ የማስወጫው መንገድም ሊዘጋና ቀጣዩ መውጫ ሊረዝም ይችላል።

እኔ የምሄድበት ቅደም ተከተል ይኼ ነው። መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ለመውጣት ተሰልፈው የቆሙትን ደብዳቤዎች አያለሁ። ያልላካችሁት ነገር ተደርድሮ ካገኘሁ ሁሉንም አጠፋለሁ። ሲፓነል የሚባለውን የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ገጽ የምትጠቀሙ ከሆነ «ትራክ ዴሊቨሪ» የሚል ቦታ አለ፤ የትኛው አካውንት፣ በስንት ሰዓት፣ ለማን እንደላከ እዚያ ይታያል። አንድ አካውንት ብቻ ከሆነ የበዛበት ፓስወርዱ ተሰርቋል። ደብዳቤው ከአካውንት ሳይሆን ከዌብሳይቱ ፎልደር ከሆነ የሚወጣው ሳይቱ ተሰብሯል።

ከዚያ የሁሉም ሠራተኛ ፓስወርድ ይቀየራል። የአንዱ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም። ረጅም ይሁን። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ካለ ይበራ። ኮምፒውተሮቹ ይጸዳሉ፤ የከፋው ፎርማት ይደረጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ አይቲ የሚዘልለው ነው፦ አካውንቱ ውስጥ ገብታችሁ ሜይሉን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ ወይም የማታውቁት ፊልተር መኖሩን እዩ። ሌባ ፓስወርድ ቢቀየርበት እንኳ ደብዳቤያችሁን ማንበብ እንዲቀጥል ትቶት የሚሄደው ወጥመድ እሱ ነው። የላኪ ድርጅት ከሆናችሁ የሚጠብቀው ኢንቮይሳችሁን ነው።

ይህ ሁሉ አልቆ አንድ ቀን ሙሉ ቆሻሻ አለመውጣቱን ካየሁ በኋላ ብቻ ነው ማመልከቻ የምሞላው።

ለመውጣት ይከፈላል? ስንት ቀን ይፈጃል?

እንደ መዝገቡ ነው።

ስፓምሃውስ ላይ መውጣት ነፃ ነው። «በገንዘብ ከስፓምሃውስ አስወጣላችኋለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ብራችሁን ያዙ። የስፓምሃውስ መመርመሪያ ገጽ ላይ አይፒውን ስታስገቡ በየትኛው ዝርዝር እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ኤክስቢኤል ከሆነ ቫይረስ ወይም የተጠለፈ መሣሪያ ነው ጉዳዩ፤ ካጸዳችሁ በኋላ እዚያው ራሳችሁ ትጠይቃላችሁ። ኤስቢኤል ላይ በሰው እጅ የተመዘገበ ከሆነ ግን ማመልከት ያለበት የአይፒው ባለቤት፣ ማለትም ሆስቲንጉ ወይም ኢንተርኔት አቅራቢው ነው። እናንተ ብትጽፉ ዋጋ የለውም፣ እነሱን ግፉ። ማመልከቻው ላይ የምትሰጡት አድራሻ ሜይል የሚቀበል መሆኑን አረጋግጡ፤ መልሱ የሚመጣው በሜይል ነው።

ስፓምኮፕ ማመልከቻም አይፈልግም። አዲስ ጥቆማ ካልመጣበት በ24 ሰዓት ገደማ ራሱ ይለቃችኋል። ባራኩዳ ፎርም አለው፤ አይፒውን፣ ስልካችሁንና ያስተካከላችሁትን ነገር ትጽፋላችሁ። እውነቱን ጻፉ። «ምንም አላደረግንም» ከማለት «የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ተሰርቆ ነበር፣ በዚህ ቀን ቀይረናል» ማለት የበለጠ ያስኬዳል።

ዩሲኢፕሮቴክት የሚባል አለ። እሱ ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛው ደረጃ የእናንተን አይፒ ብቻ ይይዛል፣ ስፓም ካቆመ በ7 ቀን ራሱ ያስወጣል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን የአይፒ ሰፈሩን፣ አንዳንዴም የአቅራቢውን አይፒ በሙሉ ነው የሚይዙት። ለፈጣን መውጫ ገንዘብ ይጠይቃል። በእኔ ግምት አይከፈልም። ሦስተኛውን ደረጃ አምኖ ሜይል የሚመልስ ትልቅ ተቀባይ አጋጥሞኝ አያውቅም። በመመርመሪያ ሳይቶች ላይ ቀይ ሆኖ ስለታየ ብቻ እንቅልፍ አትጡ፤ ተመልሶ በመጣው ሜይል ላይ ስሙ ካልተጠቀሰ ተዉት።

ጂሜይል ጋ ይደርሳል፣ አውትሉክና ሆትሜይል ጋ ግን አይደርስም። ምን ይሆን?

ማይክሮሶፍት የራሱ የውስጥ መዝገብ አለው። በመቶ የሕዝብ መዝገብ ላይ ንጹሕ ብትሆኑም እሱ ጋ ልትታገዱ ትችላላችሁ። የገዢው ድርጅት ማይክሮሶፍት 365 የሚጠቀም ሲሆን ተመልሶ በሚመጣው ላይ ብዙ ጊዜ 5.7.606 ወይም ለእሱ የቀረበ ቁጥር ይኖራል፤ ለዚህ ማይክሮሶፍት የራሱ የማስወጫ ገጽ አለው። ሊንኩ መልእክቱ ውስጥ አለ። አይፒውንና አድራሻችሁን ታስገቡና ማረጋገጫ ይላክላችኋል፣ ከዚያ እስከ 24 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጠብቃላችሁ። ለግል ሆትሜይል ከሆነ ግን ፎርሙ ሌላ ነው፤ መልእክቱ ላይ ኤስ ፊደል ያለው 3140 ወይም 3150 የሚል ኮድ ታያላችሁ። ሁለቱን አታምታቱ። ተሳስተው ፎርም ሞልተው ሳምንት የጠበቁ ሰዎች አሉ።

ጎረቤታችን ነው ያጠፋው ይላል ሆስቲንጉ። እኛ ምን አገባን?

ርካሽ ሆስቲንግ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ድርጅቶች በአንድ አይፒ ነው ሜይል የሚልኩት። አንዱ ሲጠለፍ ሁሉም ይታገዳል። በደረቁ ምክንያት እርጥቡ ይነዳል ማለት ይኼ ነው። እናንተ የምታጸዱት ነገር የለም፣ ማመልከትም አትችሉም፤ አይፒው የሆስቲንጉ ነው።

ለሆስቲንጉ ትኬት (የእርዳታ ጥያቄ) ክፈቱ፣ የተመለሰውን ሜይል ሙሉውን ለጥፉ፣ ሌላ አይፒ ላይ እንዲያዛውሯችሁ ወይም በሌላ መላኪያ በኩል እንዲያሳልፉ ጠይቁ። አንዴ ከሆነ ያጋጥማል። በየወሩ ከሆነ ግን ውጡ። ዌብሳይቱን እዚያው ትታችሁ ሜይሉን ብቻ ወደ ጉግል ወርክስፔስ፣ ማይክሮሶፍት 365 ወይም ዞሆ ማዛወር ይቻላል። በውጭ ምንዛሬ መከፈሉ ለእኛ ነጋዴ ራስ ምታት እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም አንድ ኮንቴይነር ጭነት በሜይል ምክንያት ሲዘገይ የሚያስወጣውን አስቡት። ሁሉንም ሠራተኛ ማዛወር ግዴታ አይደለም፤ ከገዢ ጋር የሚጻጻፉትን ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ አስቀድማችሁ ለማዛወር ሆስቲንጉ ይፈቅድ እንደሆነ አይቲያችሁ ያጣራላችሁ።

ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ የሚሏቸው ምንድን ናቸው? የግድ ናቸው?

የግድ ናቸው። ሦስቱም በዶሜናችሁ (ከ@ በኋላ ባለው የድርጅታችሁ ስም) ዲኤንኤስ ላይ፣ ማለትም የኢንተርኔት ስሞች ከአይፒያቸው ጋር በሚጻፉበት ማውጫ ላይ፣ የሚጻፉ አጫጭር መስመሮች ናቸው። ኤስፒኤፍ «በእኔ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ ሰርቨሮች ናቸው» ይላል። ዲኪም እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ማኅተም ያደርጋል። ዲማርክ ደግሞ «ማኅተም የሌለው ደብዳቤ በስሜ ቢመጣ እንዲህ አድርጉት» ብሎ ለተቀባዩ ያዝዛል።

ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ አጥብቀዋል። ለጂሜይል የሚልክ ሁሉ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ሊኖረው ይገባል። በቀን ከ5000 በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ደግሞ ሦስቱንም፤ ስፓም ነው ብለው የሚያመለክቱበት ሰዎችም 0.3 በመቶ መድረስ የለባቸውም። ማይክሮሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2025 ተመሳሳይ ሕግ አውጥቷል።

ሁለት ስሕተት ደጋግሜ አያለሁ። አንደኛ፣ ኤስፒኤፍ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ሆስቲንጉ አንድ ጽፏል፣ አይቲው መጥቶ ሌላ ይጨምራል። ሁለት ካለ ሁለቱም ይበላሻሉ፤ በአንድ መስመር ማዋሃድ ነው። ሁለተኛ፣ የራሳችሁ ሰርቨር ካላችሁ የአይፒው የግልባጭ ስም ይረሳል። አይፒው ሲጠየቅ የሰርቨራችሁን ስም መመለስ አለበት፣ ስሙ ሲጠየቅ ደግሞ ያንኑ አይፒ። ይኼን የምታስሞሉት አይፒውን የሸጠላችሁን ድርጅት ጠይቃችሁ ነው፤ ዶሜን የገዛችሁበት ቦታ ላይ አይገኝም።

ግን አስተውሉ፣ እነዚህ ሦስቱ ከመዝገብ አያስወጡም። ማንነታችሁን ያረጋግጣሉ እንጂ ቫይረስ አያጸዱም።

አይፒያችን ንጹሕ ነው፣ አሁንም ይመለሳል!

ዶሜኑን መርምሩ። ስፓምሃውስ ዲቢኤል የሚባል የዶሜን ስም ዝርዝር አለው። ሌሎችም እንዲሁ በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ሊንክ የሚያዩ አሉ። ፊርማችሁ ሥር ያለው የዌብሳይት ሊንክ የተጠለፈ ሳይታችሁን ከጠቆመ ከየትኛውም አይፒ ብትልኩ ይያዛል። ለመሞከር ቀላል ነው፦ ፊርማውንና ሊንኩን አጥፍታችሁ አንድ መስመር ብቻ ላኩ። ከደረሰ ጥፋቱ ሊንኩ ነው። ሊንክ ማሳጠሪያም አትጠቀሙ።

ተመልሶ የመጣው ላይ «ኦፕን ሪዞልቨር» ይላል። ምንድን ነው?

ይኼ የእናንተ ጥፋት አይደለም። የተቀባዩ ሰርቨር ስፓምሃውስን የጠየቀው ለሁሉም ክፍት በሆነ የሕዝብ ዲኤንኤስ በኩል ነው፤ ስፓምሃውስ ደግሞ በዚያ በኩል ለሚመጣ ጥያቄ 127.255.255.254 የሚል የስሕተት ኮድ ይመልሳል። ሰርቨሩ ያንን «ተመዝግቧል» ብሎ ይተረጉመዋል። ለገዢው በስልክ ንገሩትና አይቲው ያስተካክል።

እስኪስተካከል ገዢዬን በምን ላግኘው? በግል ጂሜይሌ ልላክ?

ልትልኩ ትችላላችሁ፣ ግን መጀመሪያ ደውሉ። ይኼን አደራ እላለሁ። በዓለም ላይ ላኪና አስመጪ ገንዘብ የሚዘረፍበት አንዱ መንገድ «ሜይላችን ተቀይሯል፣ የባንክ ሒሳባችንም ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ ነው። ነቃ ያለ ገዢ ከማያውቀው ጂሜይል ኢንቮይስ ሲመጣለት ሌባ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ያልነቃው ደግሞ ነገ ከእውነተኛ ሌባ ሲመጣለትም ያምናል። ሁለቱም ለእናንተ ጉዳት ነው።

ስለዚህ በድምፅ፣ በሚያውቁት ስልክ ደውላችሁ «የሜይል ችግር ገጥሞናል፣ ለጥቂት ቀን በዚህ አድራሻ እንጽፋለን፣ የባንክ ሒሳባችን ግን አልተቀየረም» በሉ። የባንክ ቁጥር በአዲሱ አድራሻ ጨርሶ አትላኩ። ፓስወርድ ተሰርቆ ከነበረ ደግሞ ያንንም ንገሩ። ያሳፍራል ብላችሁ አትደብቁ፤ ሌባው በእናንተ ስም ምን እንደጻፈላቸው አታውቁም።

ድጋሚ እንዳይከሰት በየስንት ጊዜው ልመርምር?

በሳምንት አንዴ በቂ ነው። የኤምኤክስ ቱልቦክስ ገጽ ላይ አይፒውን አስገብታችሁ ብዙ መዝገብ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ወደ ጂሜይል ብዙ የምትልኩ ከሆነ ጉግል ፖስትማስተር ቱልስ ላይ ዶሜናችሁን አስመዝግቡ፣ ነፃ ነው። ሆስቲንጉ አንድ አካውንት በሰዓት የሚልከውን ብዛት የሚገድብ ከሆነ ገደቡን ዝቅ አስደርጉት። ፓስወርድ ቢሰረቅ እንኳ ሌባው ብዙ ሳይልክ ይቆማል። ከቢሮ የለቀቀ ሠራተኛ አካውንት በለቀቀበት ቀን ይዘጋ።

አይቲ ስጠራ ምን አዘጋጅቼ ልጠብቅ?

ተመልሶ የመጣውን ሜይል ሙሉውን። የስክሪን ፎቶ ግማሹን ይቆርጠዋል፣ ጽሑፉን ራሱን አስቀምጡ። መጀመሪያ የተመለሰበት ቀንና ሰዓት። ለየትኞቹ ገዢዎች እንደደረሰና ለየትኞቹ እንዳልደረሰ። የሆስቲንጉና የዶሜኑ መግቢያ ስምና ፓስወርድ፤ ይኼኛው ላይ ነው ሁልጊዜ ቀን የሚባክነው፣ ሳይቱን የሠራው ልጅ ይዞት ከከተማ ወጥቶ ይሆናል፣ ስልኩም አይነሳም። ከዛሬ ጀምራችሁ ፈልጉት። በድርጅቱ ስም አስመዝግባችሁ ካዝና ውስጥ አስቀምጡት።